በጓደኛው ስም የተፈታው ሰው

ዶን ካሊስቶን መጀመሪያ ያየሁት ከጀርባው ነው። ከገበያ ስመለስ ወታደሮች አውቶቡሳችንን አስቆሙና ወንዶቹን በሙሉ አውርደው፣ እጃቸውን አውቶቡሱ ላይ አስደግፈው ደረደሯቸው። ጦርነቱ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ መውረዱንም መደርደሩንም ለምደነዋል። ሴቶቹ ወንበራችን ላይ ቀረን። ከመስኮቴ ሥር አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን ወታደሩ አውልቆ መሬት ስለጣለው የከሰዓቱ ፀሐይ መላጣቸውን ይጠብሰዋል። ከአጠገባቸው ያለው ወፍራም ሰው እጁን ከአውቶቡሱ ሳያነሣ አንድ ጋት ፈቀቅ አለ፤ ቆየት ብሎ ሌላ ጋት። ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ሳይ ጥላው ሽማግሌው ላይ አረፈ።

«አንተ ድብልብል፣ አትንቀሳቀስ አላልኩህም?» አለው ወታደሩ።

«እግሬ ደንዝዞ ነው ጌታዬ።»

«ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ባይደነዝዝ ነበር የሚገርመኝ።»

«እኔም ይገርመኛል ጌታዬ» አለና እዚያው እንደቆመ ቀረ። ፍተሻው እስኪያልቅ ሽማግሌው ከጥላው አልወጡም።

እኔ ያን ሰዓት ጭኔ ላይ ከደብራችን ቁም ሣጥን የተዋስኩት፣ ስለ ምሕረት ሥራ የሚናገር መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ ክርኔ ሥር ደግሞ ጃንጥላዬ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጃንጥላውን በመስኮት ማቀበል እንደምችል ትዝ ያለኝ አውቶቡሱ ከተነሣ በኋላ ነው። ማንበብ የተማርኩት በራሴ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እጄ የገባውን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ለዚህም ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ያ ሁሉ ንባብ ግን አንድ ጃንጥላ አላስዘረጋኝም።

ወንዶቹ ተመልሰው ሲገቡ ወፍራሙ ሰው ከአጠገቤ ተቀመጠ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ኒኛ፣ የአንድ ሰው ከፍዬ የአንድ ሰው ተኩል እቀመጣለሁ» አለኝ፤ በአገራችን የተከበረችን ሴት ‘ኒኛ’ ብለን ነው የምንጠራት።

«ለሽማግሌው ያደረጉትን አይቻለሁ።»

«ምኑን?»

«ጥላውን።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «ሆዴ ሰው ሲጠቅም ይሄ የመጀመሪያው ነው። ለማንም አይንገሩብኝ፤ ሰፈሩ ከሰማ ለገበያ ድንኳን ይከራዩኛል።»

በሜሂካኖስ ሰፈር እህቱ ብሪሂዳ ዘንድ እንደሚኖር፣ ካሊስቶ እንደሚባል ነገረኝ። እኔም ኡርሱላ እንደምባል፣ እሑድ እሑድ በደብራችን የሐዋርያትን መልእክት እንደማነብና መጻፍ ለማይችሉ ጎረቤቶች ደብዳቤ እንደምጽፍ ነገርኩት። ደብዳቤ የሚለውን ሲሰማ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ሊወርድ ሲል ብቻ ዘወር ብሎ፣

«ወደ ውጭ አገርም ይጽፋሉ?» አለኝ።

«እስከ ጓቲማላ ጽፌ አውቃለሁ።»

«ከዚያ ትንሽ ራቅ ይላል» ብሎ ወረደ።

በሐሙሱ በቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ፑፑሳ፣ አይብና ባቄላ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ፣ ይዞ የደብሩ ግቢ ድረስ መጣ። ከማንጎው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ላይ ተቀመጥን፤ ፑፑሳው መሐላችን ሆነ። ሦስቱን እሱ በላ፣ አንዱን እኔ። ታሪኩን የነገረኝ እየበላ ነው፤ ፈገግ የሚያሰኘው ቦታ ላይ ጎረሰ፣ ከባዱ ቦታ ላይ ማኘክ አቆመ።

ካሊስቶ ሥራው የመብራት ምሰሶ ላይ ነበር። ላይ ስል ምሰሶው ሥር ማለቴ ነው። በሕይወቱ ምሰሶ የወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም ያወረደው ሌሎች ሦስት ሰዎች ተረዳድተው ነው። ከፍታ ይፈራል። ከዚያ በኋላ ገመድ ያዥ አደረጉት። ምሰሶ የሚሠሩት ሁለት ሁለት ሆነው ነው፤ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ታች ሆኖ ገመድ ይይዛል፣ መሣሪያ ያቀብላል፣ ሰው እንዳይጠጋ ይከለክላል። ደንቡም አንድ ነው፤ ላይ ያለው መሬት ሳይረግጥ ታች ያለው ንቅንቅ አይልም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላይ የነበረው አንሰልሞ ነው። አንሰልሞ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ነበር።

«አንቱስ በማኅበሩ ውስጥ ምን ነበሩ?» አልኩት።

«ወንበር ደርዳሪ። ከስብሰባ በፊት እደረድራለሁ፣ ከስብሰባ በኋላ መልሼ እሰበስባለሁ። መሐሉ ላይ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ማኅበሩ አድማ መትቶ አገሩን ለአንድ ቀን አጨለመ። በሳምንቱ ማኅበሩ ተዘጋ፤ ወታደሮችም አንሰልሞን ፍለጋ የሥራ ቦታው ድረስ መጡ። አንሰልሞ ምሰሶ ላይ ነበር። መኰንኑ ቀና ብሎ አየውና ካሊስቶን፣

«አንተ ሂድ ከዚህ» አለው።

«አልችልም ጌታዬ። ላይ ሰው አለ።»

«እሱን ነው የምንፈልገው። አንተ ሂድ።»

«እሱ ሳይወርድ መሄድ ክልክል ነው። የሥራ ደንብ ነው።»

አንሰልሞ ከላይ ሆኖ፣ «አንተ የማትረባ፣ ሂድ እያሉህ ነው እኮ» ይለዋል።

«ውረድና እሄዳለሁ።»

«ከወረድኩማ ይይዙኛል።»

«እንግዲያው ሁላችንም እዚሁ እንውላለን» አለ ካሊስቶ፤ ገመዱንም አልለቀቀም።

ለእኔ ይህን ሲነግረኝ እጁን አወናጨፈ። «ሰዎች ጀግንነት ያደርጉታል ኒኛ። ጀግንነት አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት የለመደ እግር ነው። ጭንቅላቴ ‘ሩጥ’ ሲል እግሬ አልሰማውም። ሰውነቴ ትልቅ ስለሆነ ወሬው ከላይ እስከ ታች ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል።»

አንሰልሞ ሲወርድ ሁለቱንም ወሰዷቸው። ክሱ ላይ ካሊስቶም ‘መሪ’ ተብሎ ተጻፈ። ዘጠኝ ሰዎች በአንድ ክፍል ታጎሩ፤ ስምንቱ እውነተኛ መሪዎች፣ ዘጠነኛው ወንበር ደርዳሪ።

በስድስተኛው ወር ከሆላንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። አንድ ትልቅ ወደብ ላይ ያሉ ጫኝና አውራጆች ስለ እስረኞቹ ከአንድ ቄስ ሰምተው ነው። ስፓኒሽ በመዝገበ ቃላት እየፈለጉ ነበር የሚጽፉት፤ የመጀመሪያው ካርድ ‘ወንድሞች፣ እኛ ከእናንተ ጋር ቆመን ነን፣ ዝናብ ነው’ ይላል። ዝናቡ ለምን እንደገባ ማንም አልገባውም፤ እስረኞቹ ግን ጥሩ ዜና ነው ብለው ተስማሙ። ከዚያ ካርዱ በየሳምንቱ ሆነ። ዊብረን የሚባለው ሽማግሌ አውራጅ ስለ ወገቡ ሕመም፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ልጁ ሠርግ ሳይቀር ጻፈላቸው። ሚስቶቻቸው ደግሞ በእጃቸው የሠሩትን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ላኩ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ጥንድ። ላብ ከግድግዳው በሚንጠባጠብበት ክፍል የሱፍ ካልሲ። እስረኞቹ ተሰብስበው ጸለዩና ካልሲዎቹን አንድ ላይ ጠቅልለው ኳስ ሠሩ።

ቀጥሎ ሆላንዶቹ ፎቶ ጠየቁ። ፖስተር ሊያሠሩ ነው።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን ፎቶ ቤት ማንሣት ግድ ነው። ባለቤቱ ለመታወቂያ የሚነሣን ሰው ሁሉ የሚያለብሰው አንድ ጥቁር ኮት አለው፤ ከረባቱ ደረቱ ላይ ተሰፍቶበታል። ለቀጭን ሰው ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል፣ ለወፍራም ሰው ጀርባው ላይ የተቀደደ መክፈቻ አለው። እኔ ራሴ የማውቃቸው የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ በመታወቂያቸው ላይ የአንድ ባንክ ሠራተኞች ይመስላሉ። የማኅበሩ አባላትም በዚያው ኮት፣ በዚያው ከረባት፣ በዚያው የደነገጠ ዓይን ተነሥተው ነበር። ብሪሂዳ ዘጠኙን ፎቶ ሰብስባ፣ ጠረጴዛ ላይ በግንባራቸው ደፍታ፣ በየጀርባቸው ስም ጻፈች፤ ጆሮዋ ግን በር ላይ ነበር፤ የጫማ ድምፅ ሰምታ አንድ ጊዜ ሁሉንም ቀሚሷ ሥር ከታ መልሳ ደርድራቸዋለች። ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠው የአንዱ ስም በሌላው ፎቶ ጀርባ ተጻፈ።

ከአራት ወር በኋላ ስንቅ የሚያመላልሱት ሴቶች ፖስተሩን የቶርቲያ ቂጣ በሚጠቀለልበት ጨርቅ ሸሽገው አስገቡት። በትልቁ ‘አንሰልሞን ፍቱ’ ይላል። ፊቱ የካሊስቶ ነው።

ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አንሰልሞ ፖስተሩን ራቅ አድርጎ ይዞ ብዙ አየው።

«ከታሰርኩ ወዲህ ወፍሬአለሁ ማለት ነው» አለ።

«እንጻፍላቸው፣ ይታረም» አለ ካሊስቶ።

«ደብዳቤው ሁለት ወር ይሄዳል፣ ሌላ ፖስተር እስኪያሠሩ ሌላ ሁለት ወር። ተወው። ስሙ የእኔ ከሆነ ፊቱ ምን ያደርጋል? ደግሞ ባንተ ፊት ብዙ ሰው ያዝንልኛል።»

ካሊስቶ እዚህ ላይ ፑፑሳውን አስቀመጠ።

«እውነቱን ልንገርዎት ኒኛ ኡርሱላ። ደግሜ አላልኩም። አንድ ጊዜ ‘ይታረም’ አልኩ፣ ከዚያ ዝም። ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ ማንም ፊቴን አትሞት አያውቅም። ጠዋት ጠዋት በውኃ ባልዲ ውስጥ እያየሁ ፀጉሬን ማበጠር ጀመርኩ። መሪ እንዴት ግንባሩን እንደሚቋጥር ተለማመድኩ። ጓደኞቼ ‘ሆላንድ ውስጥ ስንት ልጃገረድ ታምማለች’ እያሉ ሲቀልዱብኝ እቆጣለሁ፤ ማታ ግን ስንት ትሆን ብዬ አስባለሁ።»

በዚያው ዓመት ሆላንዶቹ ከካርድ አልፈው ሄዱ። የእኛን አገር ቡና የጫነ መርከብ ወደባቸው ሲደርስ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። አንሰልሞና ጓደኞቹ ካልተፈቱ አንድ ጆንያ አናወርድም አሉ። ሁለተኛ መርከብ መጣ፤ እሱንም አላወረዱም። ዊብረን ‘ደመወዛችን ተቆርጧል፣ ሚስቴ ግን ከእናንተ ጋር ናት፣ እኔም ስለማልከራከራት ከእናንተ ጋር ነኝ’ ብሎ ጻፈ። ያን ካርድ ዘጠኙም ተራ በተራ ደረታቸው ላይ አድርገው አደሩ። ማዶ ለማዶ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ ለሌላው ምሳውን ሲተው ማየት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ይህን ስሰማ ሰው በሩቅ ሲዋደድ የሚያዋድደው ማን እንደሆነ አውቄአለሁ።

በሰባተኛው ሳምንት መኰንን መጥቶ ካሊስቶን ብቻ ጠራው። ጠረጴዛው ላይ ፖስተሩ ተዘርግቷል።

«የወረቀቱ ሰው አንተ ነህ?»

«ፊቱ የእኔ ነው ጌታዬ፣ ስሙ ግን…»

«ስም ማን ጠየቀህ?» ንጹሕ ሸሚዝ ወረወረለት። «ልበስ። ትወጣለህ።»

«አንሰልሞስ?»

«አንሰልሞ እየወጣ ነው። አላየኸውም እንዴ?» ብሎ በእርሳሱ ጫፍ የፖስተሩን አፍንጫ ነካ። «ስሙ ያንተ አለመሆኑን ካንተ በፊት አውቀናል። የምትወጣውም ለዚህ ነው። ውጭ ሆነህ አፍህን ከከፈትክ ግን አልጋህ አለ። ከአልጋም የባሰ አለ።»

ከበሩ ውጭ ፎቶ አንሺዎች ቆመዋል። «ዶን አንሰልሞ፣ በዚህ በኩል» ብለው ተጣሩ።

«ዞርኩላቸው» አለኝ ካሊስቶ። ድምፁ አነሰ። «በስሜ አልጠሩኝም፤ ዞርኩ። መዞር ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ግንባሬን ቋጠርኩ። ሦስት ወር የተለማመድኩት ነገር ሳላስበው መጣ። ጋዜጣው ላይ አይተውት ከሆነ የአንድ አገር ፕሬዚዳንት እመስላለሁ።»

አይቼዋለሁ። የሚያኮራ ሰው ነው ብዬ አምኜበትም ነበር፤ ይህን ግን ለሱ አልነገርኩትም።

በሳምንቱ የሆላንዶቹ ቴሌግራም ደረሰ። ‘ወንድማችን አንሰልሞ ተፈታ። መርከቦቹን አራገፍን። ጨፈርን።’ ባለሥልጣኖቹም ዋናው ሰው ተፈቷል፣ የቀሩት ይታያሉ አሉ። ወደቡ ወደ ሥራው፣ ዓለም ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። አንሰልሞን ግን ከጓደኞቹ ለይተው ለብቻው ዘጉበት። ውጭ ተፈቷል ስለተባለ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይቆጥረውም። የተፈታን ሰው ማን ፍቱ ይላል? እሁድ ለእጥበት በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚወጣው ሸሚዙ ላይ ደም አለ፤ ያስለዋል። ሐኪም አላሳዩትም።

ይህን ለካሊስቶ የነገረችው የአንሰልሞ ሚስት ዶሚንጋ ናት። ካሊስቶ በተፈታ በሁለት ወሩ የእህቱ በር ላይ መጥታ ቆመች። ልትሰድበኝ ነው ብሎ ወንበር ይዞላት ወጣ። አልተቀመጠችም።

«ደህና ዋልክ አንሰልሞ?» አለችው።

«ዶሚንጋ፣ እባክሽ…»

«ባሌ ተፈታ ብለው ጋዜጣ አሳዩኝ። ሁለት ወር ሙሉ ጠበቅኩህ፣ ቤት አልመጣህም። ልጆችህ ይጠይቃሉ። የማድ ቤቱ ጣራ ያፈሳል። መቼ ነው የምትመጣው?»

ብሪሂዳ ከውስጥ ሆና ማልቀስ ጀመረች። ፎቶዎቹ ላይ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ምቺኝ አለች። ዶሚንጋ ለሷ አልመለሰችም።

«ትንሽ ከስተሃል አንሰልሞ» አለች ዓይኗን ከካሊስቶ ላይ ሳትነቅል። «ደግሞ ትንሽ ታስላለህ አሉኝ። እሁድ የመጣው ሸሚዝህ ደም ነበረው። እኔ ነኝ ያጠብኩት።» ይህን ብላ ሄደች።

ካሊስቶ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ደብዳቤ ጽፎ ሦስቱንም ቀዷል። ቁራጮቹን አምጥቶ አሳየኝ። የመጀመሪያው ‘እጅግ የተከበራችሁና የተወደዳችሁ የወደብ ወንድሞች’ ብሎ ይጀምርና ገጹ እስኪያልቅ ሰላምታው አላለቀም። ሁለተኛው ላይ አንድ ትንሽ ስሕተት ተፈጥሯል ይላል፤ ስሕተቱ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሦስተኛው ላይ ስለ ዊብረን ወገብ ከጠየቀ በኋላ ብርታቱ አልቆበታል።

«ስፈራ ቃል ይጠፋኛል» አለኝ። «ወር ከአሥር ቀን ነው ሳልተኛ የሰነበትኩት። የገና በዓል ካለፈ አዲሱ ቡና ይጫናል። መርከቡ እዚያ ሳይደርስ ካላወቁ ያወርዱታል፤ ካወረዱት ደግሞ አንሰልሞን የሚያስፈታ ሌላ ነገር በእጃቸው የለም። የእናንተ ቄስ ሰኞ ወደ አውሮፓ ይሄዳሉ ሲሉ ሰማሁ።»

«ይሄዳሉ» አልኩ።

«በእጃቸው ከሄደ ማንም አይከፍተውም።»

ቀለል ላድርግለት ብዬ፣ ደብዳቤው ሲጀምር ስለ ወንድማማችነት ሁለት ሦስት ያማሩ ዓረፍተ ነገሮች ቢኖሩት ጥሩ እንደሚሆን፣ እንዲህ ያለ መክፈቻ በቃሌ እንደማውቅ ነገርኩት። በቃሌ አንድ ጊዜ አንበለበልኩለትም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ በአክብሮት ሰማኝና፣

«በጣም ያምራል ኒኛ» አለ። «እኔ ግን ቆንጆ ነገር ወድጄ ነው እዚህ የደረስኩት።»

አፈርኩ። እሱ ተነሣና በሩ ድረስ ሄዶ መንገዱን ወደ ላይና ወደ ታች አየ። ሲመለስ አልተቀመጠም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ከፊቴ ቆመ።

«ያ መኰንን ያለውን አልረሳሁም» አለ። «ደብዳቤው ከደረሰ የማን አፍ እንደተከፈተ ይታወቃል። አልጋዬ አለ ብሎኛል፤ የሞላ ሰው ስለሆንኩ አልጋ ሰፋ ይበል እላለሁ እንጂ እሱን መቼም ለምጄዋለሁ። የባሰ ያለውን ግን አላውቀውም፤ ቆይቼ ካሰብኩበት አራተኛውንም ደብዳቤ እቀድደዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ፣ እዚሁ፣ ሳልሸሽ ቢሆን ነው የሚሻለው።»

«ምን ላድርግልዎት?»

«አንድ ነገር ልለምንዎት ኒኛ ኡርሱላ፤ እምቢ ቢሉኝም አልቀየምም። እርስዎ ይጻፉልኝ። እንዳያሳምሩት። የፈታችሁት ካሊስቶ ነው፣ አንሰልሞ እስር ቤት እየታመመ ነው፣ ቡናውን አታውርዱ ብቻ ይበሉ፤ ከሥሩ ሙሉ ስሜን እኔ በእጄ እጽፋለሁ። መልሱ ደግሞ ወደ እህቴ ቤት መምጣት አይችልም፤ በሩ ይጠበቃል። በእርስዎ ስም፣ በእርስዎ አድራሻ ይምጣ ልበላቸው?»